ሌሊቱን የሰፋው ሰው

«ልብ ወለዱን ማጣጣሌ አይደለም» አለ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ሻዩን እያማሰለ፤ «ግን አጭሩ ታሪክ ብቻውን ይበቃ ነበር። ለምን ለጥጣ ለጥጣ መጽሐፍ እንዳደረገችው ዛሬም አይገባኝም።»

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ወይ ሟቹን ያመሰግናል፣ ወይ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። መምህሩ ግን በሟቿ ድርሰት ላይ ሂስ ይዞ መጣ። ከጎኑ የተቀመጠችው የመጽሐፉ አርታኢ በክርኗ ጎሰም አደረገችው። የሟቿ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ወለሉን ያያል። እህቱ ከተቀበረች ጀምሮ እንባ ጠብ አላለውም። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ «እንዴት ያለው ደረቅ ነው!» እየተባባሉ ነው።

«ጋሼ» አለችው አርታኢዋ፣ «ለመታሰቢያዋ አዲስ እትም እናወጣለን፤ መግቢያውን የምጽፈው እኔ ነኝ። አጭሩን ታሪክ ለምን እንዳስረዘመችው የሚያውቅ ካለ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? የእኔ ሥራ ቁልፍ መትከል ነው።»

ዋሸ። ያውቃል። ያወቀውን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ኖሯል።

እህቱ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስታገናኝ ውላ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ትመጣለች፤ ያልተሰፉ ጨርቆች ላይ ቁጢጥ ብላ ያሰበችውን ታሪክ ትነግረዋለች። ብዕር የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አስተያየቱን አትጠይቀውም። «አንተ እኔን ላለማስቀየም ጅብንም ቆንጆ ነው ትላለህ» ትለዋለች። የምታየው እግሩን ነው። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቀጥ ካለ ታሪኩ ይዞታል ማለት ነው፤ የስፌት መኪናው ካላቋረጠ ግን ያንን ቦታ ትተወዋለች። ደንበኞቹም ነገሩን ስለሚያውቁ «እጅጌዬ ዛሬም አልተሰፋም? ጥሩ ታሪክ ነግራህ መሆን አለበት» ይሉታል።

አንድ ቀን የአንዲት ከተማ ታሪክ ይዛ መጣች። የከተማዋ ሌሊት እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ተቀደደ። በቀዳዳው ፀሐይ እየገባ ሰው መተኛት አቃተው፤ አውራ ዶሮዎቹ ሲጮኹ ውለው ሲጮኹ አድረው ድምፃቸው ተዘጋ፤ ሌቦቹ ሥራ ፈትተው ለከንቲባው ማመልከቻ አስገቡ። እዚህ ላይ ወንድሟ ሳቀ፣ እግሩም ቆመ። የከተማው ሰዎች አንድ ልብስ ሰፊ ፈልገው መሰላል ላይ አወጡት። ሰፍቶ ሰፍቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን የመጨረሻው ስፌት ጠብቆ የሚይዘው ከወዲያ ማዶ ሲሰፋ ብቻ እንደሆነ ገባው። ተሻገረና ሰፋው። ከተማው ለጥ ብሎ ተኛ። ሲነጋ መሰላሉ ላይ ማንም አልነበረም።

ያ ልብስ ሰፊ ማን እንደሆነ ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። አባታቸው ሲሞት ከሁለቱ አንዱ መማር፣ አንዱ በአባታቸው የስፌት መኪና ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። እሱ ታናሽ ቢሆንም «እኔ እንደሁ ትምህርቱ አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን ጣለ። ይገባው ነበር። እህቱ ውሸቱን አምናዋለች ብሎ ነበር እስከዚያች ቀን የኖረው።

እንባው መጣ። ትልቅ ሰውዬ፣ ያውም በሱቁ፣ ያውም በእህቱ ፊት! አቀርቅሮ ፔዳሉን ይረግጠው ጀመር፤ ታሪኩ አልቆ እሷ ዝም እስክትል ድረስም አላቆመም።

«እንግዲህ መጨረሻው አልያዘህም ማለት ነው» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ታሪኩ መጽሔት ላይ ወጥቶ አገር ሲያደንቀው እሷ እንደገና ከሀ ጀመረችው። አሁን ልብስ ሰፊው እህት አለችው። የክሩን ጫፍ ይዛ ወንድሟን ፍለጋ ሌሊቱ ውስጥ ትገባለች፤ የድምፅ ገበያ ታቋርጣለች፣ ወደ ኋላ የሚፈስ ወንዝ ትሻገራለች፣ በመጨረሻም ይዛው ትመለሳለች። ይህን ስትጽፍ ዓመታት ነጎዱ። ዓይኗ ደከመ። ሊያገባት የነበረው ሰው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ። ወንድምየው እያንዳንዱን ምዕራፍ እግሩን አቁሞ ሰማ፤ ከልቡም አደነቀ። ከዓለም ላይ እንደሷ የሚናገር ሰው አለ ቢሉት አያምንም። ግን ያቺ እግሬ ባትዋሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ልፋት ይቀርላት ነበር፣ ትዳርም ትይዝ ነበር እያለ ውስጥ ውስጡን ተብሰለሰለ።

መምህሩና አርታኢዋ በማግስቱ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመልሰው መጡ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ስለ ሟቿ ያወራሉ። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የእሷ ግን በቁሟም ረጅም ነበር» አለች አንዷ፣ ሌሎቹም እውነት ነው አሉ።

መምህሩ ግን ሂሱን አልጨረሰም። «እኔን የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ዓመት ነው። ባላለቀ ነገር ቢሆን እሺ፤ ባለቀ ታሪክ ላይ ዕድሜዋን ፈጀች።»

«እሷን ተዋት!» አለ ልብስ ሰፊው። «እሷ ምን አጠፋች? ጥፋቱ የእግሬ ነው።» አጎንብሶ ስለ ፔዳሉና ስለዚያች ቀን ነገራቸው። «እንባዬን ልደብቅ ብዬ ነው የሰፋሁት። እሷ ታሪኩ አልያዘውም ብላ ደከመች።»

በር ላይ የሻይ ትሪ የያዘች ሴት ሳቅ አመለጣት። የሟቿ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሰው በስሟ ሲጠራትም «ሃሎ» ብላ ስለምትመልስ ሁሉም ሃሎ ይላታል።

«ያ መኪናው ባዶውን የሮጠ ቀን ነው የምትለው?»

«ባዶውን?»

«መርፌው ላይ ክር አልነበረም እኮ! ከሥሩም ጨርቅ የለ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ‹ወንድሜ ትናንት አየር ሲሰፋ ዋለ› ብላ በሳቅ ገደለችኝ። ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። እንዳያፍርብኝ ብዬ እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ አለችኝ። ላንተ እንዳልናገርም አስምላኛለች፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «ታዲያ ካወቀች... ለምን ደከመች?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኋት። ‹እሱን ወዲያ ማዶ ጥዬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ሄጄ አመጣዋለሁ› አለችኝ።» ሃሎ ትሪውን አስቀምጣ ወደ መምህሩ ዞረች። «መጽሐፉ የወፈረው ለዚህ ነው የኔ ወንድም። መንገዱ ሩቅ ነበር። ሊያገባት የነበረውን ሰውዬ እንደሆነ እንኳን ተገላገለችው፤ ማግባቱን ስትሰማ ‹እሰይ፣ አሁን ተረጋግቼ እጽፋለሁ› ነው ያለችው።»

መምህሩ ሻዩን ማማሰል አቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ በቀስታ።

የልብስ ሰፊው እንባ መጣ፤ እንደ ልማዱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አርታኢዋ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ብድግ አለችና ዘረጋችለት።

«ተዪው ልጄ» አላት፤ «ይታይ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ወደ ሰዉ ዞረ፤ እንባውን ሳይጠርግ፣ ሁሉም እያየው አለቀሰ።