የተቀቀለው ጆሮ

"አባባ፣ ድስቱን ይስጡኝ!"

"አልሰጥም!" አማቱ ድስቱን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ክዳኑን በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ውስጡ ያለው ምግብ አይደለም፤ ከነሽቦው የተነቀለው የቤቱ ዋይፋይ ነው።

ሰፈሩ "ቻርጀር" የሚለው ሞባይል ጠጋኝ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለአራት ሩብ ጉዳይ። ልክ በአራት ሰዓት ሚስቱ ዓመት ሙሉ ስትመኘው ለኖረችው ሥራ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አለባት።

"አንተ ሰውዬ፣ ኔትወርኩ ምን ሆነ?" አለች ከመኝታ ቤት።

"ሞገድ መታኝ" አሉ አማቱ። "ይኸው ሦስት ቀን ጆሮዬ ይጮሃል።"

"ዋይፋይ ሰው አይመታም፣ አባባ።"

"ራስህ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ የተኛው ደንበኛህ ጆሮው እንደ ድንች ተቀቅሎ በማንኪያ ለቀሙለት አላልክም?"

ብሏል። እሁድ ምሳ ላይ፣ ጨው ጨምሮ፣ ቅመም ነስንሶ።

"ቀልዴን እኮ ነው!"

"በሰው ጆሮ ይቀለዳል?"

ቻርጀር በዕድሜው አንዴ እውነቱን ተናገረ። የዚህች ሣጥን ጉልበት ኢምንት መሆኑን፣ ሰው ትጎዳለች የሚል ማስረጃ አለመገኘቱን፣ የጆሮው ጩኸት ምናልባት ከኩክ ሊሆን እንደሚችልና ሐኪም ቢያየው እንደሚሻል ዘረዘረላቸው።

አማቱ ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። "ውሸታም!"

"ኧረ በፈጠረዎት!" ስንቱን ቅጥፈት ሲቀደድ "እውነትህን ነው" ሲሉት የኖሩ ሰው!

"ሰባት ደቂቃ ቀረኝ!" ሚስቱ ልታለቅስ ደርሳለች።

ቻርጀር በረጅሙ ተነፈሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው መድኃኒቱን ልንገርዎት፤ ግን ለማንም እንዳያወሩ። እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ሞገድ አይደፍረውም። በእግሩ ወርዶ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል።"

ክዳኑ ወዲያው ተነሣ።

ለአራት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የዋይፋዩ አረንጓዴ መብራት በራች። ብዙም ሳይቆይ ከመኝታ ቤት "እንደምን አደራችሁ" የሚል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቻርጀር እፎይ ብሎ የሱቁን ቁልፍ አነሣ።

"ወዴት?" አማቱ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እጃቸውን ሊነቅሉት እንደተዘጋጁ የዋይፋዩ ሶኬት ላይ አድርገዋል። "ሳፋው ለሁለት ይበቃል። ጆሮህን ጠላኸው? ወይስ መድኃኒቱም ቀልድ ነው?"

ኪሱ ውስጥ ደንበኛ ይደውላል። ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ያለውን እጅ አየ፤ የመኝታ ቤቱን በር አየ።

ስልኩን አጠፋና ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ።