ካፕቴን አድማሴ ያልደገመው ፈቃድ

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሬዲዮ ላይ መሥራት ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ እንግሊዝኛውን የለቀምሁት በጆሮዬ ነው። ፓይለቱ ካፕቴን አድማሴ ይህን ያውቃል። አንድ ጊዜ ጎንደር ሰርግ ቤት፣ ከትልልቅ ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ «የሬዲዮው ቢያዝን እንግሊዝኛ ሲናገር አውሮፕላኑ ራሱ ይስቃል» ብሎ አስቆብኛል። ጠጄን አስቀምጬ ወጣሁ። አልረሳሁትም፤ ምን ብዬ እረሳለሁ?

በ1952 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፣ ይኸው ካፕቴን ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ሞተሩን አስነስቶ ከሜዳው ጫፍ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የነጋዴው የበድሩ ሚስት ሐዲጃ ነበረች። ሆዷን ታማ በቃሬዛ ነው ያስገቧት፤ ሐኪሙ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም ብሏል። ደመናው ዝቅ ብሎ ቅርባችን ያለውን ጠዳን እንኳ ሸፍኖታል።

ከአዲስ አበባ የመጣውን ፈቃድ በሬዲዮ፣ በእንግሊዝኛ ሰጠሁት። እስከ አሥራ አንድ ሺህ ጫማ ይውጡ፤ እዚያው ይቆዩ፤ መንገድዎ ላይ ያለውን እንፍራንዝን ሲያልፉ አሥራ ሦስት ሺህ ሊፈቀድልዎ ይችላል። ያለ ነገር አይደለም፤ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የሚሄድ ሌላ አውሮፕላን በአሥራ ሁለት ሺህ፣ በዚያው ደመና ውስጥ፣ ፊት ለፊት እየመጣ ነበር።

ደንቡ ፓይለቱ ፈቃዱን ቃል በቃል ይድገም ይላል። ካልደገመ አረንጓዴውን መብራት አላበራም፤ መብራቱን ካላየ አይነሳም። አድማሴ ግን «ተሰምቷል» አለኝና አበቃ። ተሰምቷል ማለት ድምፄ ደርሶታል ማለት ነው፤ ምን እንደገባው በምን ልወቅ? ይድገሙልኝ አልሁት። ተሰምቷል ብዬሃለሁ፣ መብራቱን አብራ አለኝ በአማርኛ። ሁለተኛም ጠየቅሁት፤ ሦስተኛም።

በድሩ አውሮፕላኑ አልነሳ ሲለው እየሮጠ ወደ ሬዲዮ ቤቱ ገባ። የሰርጉን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«አያ ቢያዝን፣ የእናንተ ቂም በሚስቴ ነፍስ ላይ ይሁን?» አለኝ።

እጄ ከመብራቱ ላይ ነበር። ቂም የለኝም አልልም። እንዲያውም ቂሙ ባይኖር አዝኜ አበራው ነበር።

«ሦስት ነገር ከደገመ አሁኑኑ ትሄዳለች» አልሁትና የሬዲዮውን መነጋገሪያ ሰጠሁት። «እሱን ለምነው።»

በድሩ በሁለት እጁ ይዞ ስለ አላህ ይድገሙለት እያለ ለመነ። ካፕቴኑ ሳቀ።

«እሺ፣ የኔ መምህር። አዲስ አበባ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ጫማ። በቃህ?»

መነጋገሪያውን ከበድሩ ነጠቅሁ።

«አልበቃኝም። አሥራ ሦስት ሺህ ሊፈቀድ ይችላል ነው የተባለው፤ አልተፈቀደም። የተፈቀደልዎ አሥራ አንድ ሺህ ነው። በአሥራ ሁለት ሺህ ሌላ አውሮፕላን እየመጣብዎ ነው፣ ካፕቴን።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳያጎድል ደገመው። አበራሁለት። ሄዶ ደመናው ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ያኛው አውሮፕላን በደመናው ውስጥ እያጓራ ወደ ሰሜን አለፈ። በድሩ ቀና ብሎ አዳመጠና ወጣ።

ሐዲጃ ድና ተመለሰች። በድሩ ለካፕቴኑ ሙክት ላከለት አሉ።

ለእኔ የመጣው ደብዳቤ ነው። ካፕቴኑ፣ በሽተኛ የጫነ አውሮፕላን በግል ቂም ዘጠኝ ደቂቃ አዘገየ ብሎ ከሶኛል፤ ስለ አሥራ ሦስት ሺሁ ትንፍሽ አላለም። አለቃዬ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቅ፣ አለዚያ ከሥራህ ትወጣለህ አለኝ። ወረቀት ስጠኝ አልሁትና እፊቱ ጻፍሁ፦ «ፈቃዱን ካልደገመ ነገም አላበራም።»

አንብቦ መለሰልኝና፣ ይህ ይቅርታ አይደለም፣ እንደገና ጻፍ አለኝ። እንደገና ጻፍሁት፤ ያንኑ፣ ፊደሉን ብቻ አሳምሬ።