አያ ውዱ ያላሉት

ቤዚ አፏ ይጣፍጣል፤ ይህን የማይወዳት ሰው እንኳ አይክደውም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከመኝታ ቤቷ ሳትወጣ የኮምፒውተር ጌም ትጫወታለች፤ እየተጫወተች በአማርኛ ታወራለች። ሌላው ጌመኛ ጭራቅ ሲያባርረው ይጮሃል፤ እሷ ግን «ምነው፣ ምን አድርጌህ ነው? ቆይ እስቲ ጫማዬን ልሰር» ትለዋለች። ሰዉ በሳቅ ይሞታል። አንድ ዓመት ሳይሞላ መቶ ሺህ ተከታይ አፈራች።

ከዚያ ኪሩ መጣ። ኪሩ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ ካሜራ ይይዛል፣ ቪዲዮ ያቀናብራል። «የፈረንጅ ጌም ብቻ እስከ መቼ? የአገራችንንም ጨዋታ እናሳይ» አላት። ጠዳ ወርደው የገና ጨዋታ ቀረጹ። ኮሶዬ ላይ ብርድ እያንዘፈዘፋቸው እረፍት ላይ ያሉ ገበሬዎችን እንቆቅልሽ አጠያየቁ። ሰዉ ወደደው፤ እውነትም የሚወደድ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች «ቤዚ ጨዋታ!» እያሉ በቻናሏ ስም ይጠሯት ጀመር። እናቷ እታገኘሁ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ መርፌ ልትወጋው የቀረበችው በሽተኛ ሁሉ «የቤዚ እናት ነሽ አሉ?» ሲላት ሆዷ በደስታ ይሞላል፤ ላይ ላዩን ግን «አርፈህ ተኛ» ትላለች።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቤዚ በየቅዳሜው አዲስ ቪዲዮ እለቃለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ቅዳሜ ደግሞ እንደ ጉድ ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

እንዲህ ስትዋከብ ነው ገበጣ ልትቀርጽ መካነ ብርሃን የሄደችው፤ የእናቷ አገር ነው። ያጫወቷት የእናቷ አጎት አያ ውዱ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አገሩ የሚያውቃቸው ግን በገበጣ አይደለም፤ ደም በማድረቅ ነው። ሰው ሰው ሲገድል፣ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ሲፈላለጉ፣ አያ ውዱ መሀል ይገባሉ። አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይመላለሳሉ። እዚህ ቤት ያሉትን እዚያ ቤት አይለውጡም፤ ሰው የሚሰማቸውም ስለዚሁ ብቻ ነው። ሀብት የላቸው፣ ሹመት የላቸው።

ቤዚን ሦስት ጊዜ አሸነፏትና ከት ብለው ሳቁባት። «አያ ውዱ፣ ገበጣ ለምንድን ነው የሚጫወቱት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ለጨዋታ ነዋ! ሸጋ ጨዋታ ነው፤ ክረምቱን ያሳጥራል» አሏት። ይኸው ነው፤ ሌላ አልተናገሩም።

ጎንደር ተመልሰው ሲያዩት ቪዲዮው ቀዘቀዘባቸው። ኪሩ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ «ታሪክ ይጎድለዋል» አለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቤዚ ማይክሮፎኗን አቀረበችና አያ ውዱ ጠጠር እየዘሩ ሲያወሩ በሚያሳየው ምስል ላይ የእሳቸውን ድምፅ ቀንሳ በራሷ ድምፅ ተናገረችበት። «አያ ውዱ እንደነገሩን፣ በዚህ አገር ደም የተቃቡ ሰዎች በገበጣ ይታረቃሉ። የሟች ወንድምና ገዳዩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የሟች ወንድም ከተሸነፈ ደሙን ይተዋል።»

ከየት አመጣችው? የሽማግሌውን ሥራና የሽማግሌውን ጨዋታ ቀላቀለቻቸው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ውሸት መሆኑ ሳይታወቃት ቀርቶ አይደለም። ማንን ይጎዳል ብላ ነው።

ሁለት ሚሊዮን ሰው አየው። «ይህ ነው ባህላችን!» ያላለ የለም። የአዲስ አበባ ድርጅት ለማስታወቂያ እንዋዋል ብሎ ደወለ። እናቷ ብቻ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችና «እኔ እዚያ አገር ተወልጄ ይህን ሰምቼ አላውቅም። አያ ውዱ ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ» አለች ቤዚ፤ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

መካነ ብርሃን ኔትወርኩ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ቪዲዮ ግን ለመሄድ ኔትወርክ አይጠብቅም፤ ከስልክ ስልክ፣ ከሚሞሪ ሚሞሪ እየተገለበጠ ገበያ ለገበያ ይዞራል። በሦስተኛው ወር ወንዴ የሚባል ገበሬ ስልክ ላይ ደረሰ። የወንዴ ታላቅ ወንድም በእርሻ ድንበር ጠብ የተገደለ ነው። አያ ውዱ ዓመት ሙሉ ተመላልሰው፣ ለምነው፣ ወንዴ ለእርቅ እሺ ብሎ ቀን ተቆርጦ ነበር። ቪዲዮውን ያየ ዕለት ተነስቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና «ለካ የወንድሜን ደም በጠጠር ልትጫወቱበት ነው ስታመላልሱኝ የከረማችሁት» ብሎ ጥሏቸው ሄደ። አያ ውዱ እኔ አላልኩም ብለው ማሉ። ሰዎቹ ግን «አፍህ ሲናገር በዓይናችን አይተናል» አሏቸው።

ይህን እታገኘሁ በስልክ ሰማች። የሆስፒታል ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ የቤዚን በር ከፍታ ገባች።

«አያ ውዱ ብሎሻል ወይስ አላለሽም?»

ቤዚ ስልኳን አስቀመጠች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አልጮኸችም። «ወንዴ መሣሪያ አለው። የገዳዩም ልጆች አላቸው» አለች ቀስ ብላ። «ነገ እንሄዳለን።»

ኪሩ ሲሰማ ካሜራ ይዤ ልምጣ አለ፤ ይቅርታ ስትጠይቂ ብንቀርጸው ብዙ ሰው ያየዋል አላት። ቤዚ ሰደበችው። የሰደበችው ግን ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣው ለራሷ ስለነበር ነው።

ደባርቅ አድረው፣ በጭነት መኪና ተንገላተው ደረሱ። ቤዚ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክማ ወንዴ ደጅ ተንበረከከች። አያ ውዱ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ ከስተዋል።

«አያ ወንዴ፣ ውሸቱ የእኔ ነው። እሳቸው እንዲያ ያለ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለች።

ወንዴ ድንጋዩን ራሱ ከጫንቃዋ አነሳላት። ክፉ ሰው አይደለም።

«በየሰዉ ስልክ ያለውን ማን ያጠፋዋል?» አላት። «ውሸቱን ለአገር ነግረሽ እውነቱን ለእኔ በጆሮዬ? ባወራሽበት አውሪው። ሰዉ ሰምቶልኝ እኔም ልታረቅ። አለዚያ በወንድሙ ደም ቁማር ተጫወተ ተብዬ አልኖርም።»

ቤዚ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ይህን ከለቀቀች ከእንግዲህ ባህል ብላ ብታወራ ማን ይሰማታል? ማስታወቂያውም ቀረ፣ ስሙም ቀረ። ካልለቀቀች ደግሞ እኒህ ሽማግሌ ውሸታም እንደተባሉ ይሞታሉ፤ ወንዴም ወይ ይገድላል ወይ ይገደላል። አያ ውዱን አየቻቸው። አድርጊም አታድርጊም አላሏትም። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። እዚያው ግቢ ቆማ ሁለት ደቂቃ ተናገረች። ሳቅ የለ፣ ቅንብር የለ። «እኔ ቤዚ ዋሽቻለሁ» ብላ ጀመረች።

እንደፈራችው ሆነ። «እንቆቅልሾቹስ? የገናውስ? እነሱም ፈጠራ ነበሩ?» እያለ ሰዉ ወረደባት። ያ ድርጅት ስልክ ማንሳት ተወ። ተከታዩ በየቀኑ ይመናመን ጀመር። ኪሩ ትንሽ ጊዜ ታገሰና ሠርግ መቅረጽ ገባ፤ አልፈረደችበትም። ጌሟን ስትጫወት እንኳ በቀለደች ቁጥር «ይሄም የአያ ውዱ ነው?» የሚል አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ቀልዱ ራሱ እየከበዳት ሄደ። እውነቱን ያየው ሰው ከውሸቱ ተመልካች እፍኝ አይሞላም። ውሸቱን ደግሞ ሌሎች ቆርጠው በራሳቸው ቻናል ይለቁታል።

ያም ሆኖ የእውነቱ ቪዲዮ መካነ ብርሃን ደረሰ። ወንዴ ሰማ፤ ዘመዶቹም ሰሙ። በመጋቢት ቀን ተቆረጠና ቤዚ ከእናቷ ጋር ሄደች፤ ስልኳን ሆን ብላ ጎንደር ትታ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። ቄሱ መስቀል ይዘው መሀል ቆመዋል። ከአጠገባቸው ሆኖ ነገሩን የሚመራው ግን ዳኛው የሚባል ጎልማሳ ነው። ቤዚ አያ ውዱን በዓይኗ ፈለገቻቸው። ከሰዉ ጋር፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

«ምነው እዚህ? የለፉበትስ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የገዳዩ ወገን አላመነም» አሏት፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። «ውሸታም መሆኗን በራሷ አፍ ተናገረች፤ የዚህ ሽማግሌ ዘመድ ናት፣ እሱን ለማዳን አሁንም ብትዋሽስ አሉ። ምን እላቸዋለሁ? የእኔ ነገር እርቁን ከሚያቆመው ብዬ ከሽምግልናው ተነሳሁ። ከእንግዲህም አልቀመጥም። ቃል ባደረስኩ ቁጥር በእርግጥ እንዲያ ብለዋል ወይ እየተባለ ሽምግልና የለም።»

ከፊታቸው ወንዴ ተነስቶ መስቀሉን ተሳለመ። የገዳዩ ልጅ እግሩ ላይ ሲወድቅ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አያ ውዱ ሊቆሙ ጉልበታቸውን ያዙ፤ ቤዚ ደግፋ አቆመቻቸው። እሷ ታለቅሳለች።

«እኔ እኮ ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት ዓይናቸውን ከታራቂዎቹ ሳያነሱ። «ተይ አታልቅሺ፤ ዛሬ የደስታ ቀን ነው።»