በዳይሬክተሩ ጫማ ውስጥ ያለችው እንቁራሪት

መምህርቷ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሰሌዳው ስትመላለስ፣ ኪሷ ውስጥ ያለውን የቤቷን ቁልፍ ስታገላብጥ፣ ያልቆሸሸውን ሰሌዳ ስትወለውል ረፈደ። የትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪ ዛሬ ይመጣል ተብሏል። ልጆቹ ማንበብ መቻል አለመቻላቸውን ሊያይ ነው። እሷ መቻላቸውን ታውቃለች፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያው ቀዝቅዞ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ግማሹ ከተማ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ሰሞን መንግሥት ኢኮኖሚውን ያነቃቃል ያለውን ገንዘብ መደበ፤ ከዚያም ላይ ቆንጥሮ ለትምህርት ቤቶች አደለ። ለዚህኛው ትምህርት ቤት የደረሰው የአንድ ግድግዳ ቀለም፣ ሁለት የመጸዳጃ ቤት በር እና እሷ ናት። ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ማንበብ እንድታስተምር በጊዜያዊነት ተቀጠረች። ኢኮኖሚው ይንቃ አይንቃ እንጃ፤ እሷ ግን ነቃች። ከፍቺዋ በኋላ የምታድረው በታላቅ ወንድሟ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነበር። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍት አከፋፈቷ ራሱ "እስከ መቼ?" ይል ነበር። የመጀመሪያ ደመወዟን እንደተቀበለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። አልጋ፣ ምድጃና አንድ ወንበር አላት። እንግዳ ከመጣ ወንበሩ የእንግዳው ነው፣ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። በሩን ከውስጥ በቆለፈች ቁጥር ንግሥት የሆነች ይመስላታል።

ገንዘቡ ግን አመል ነበረው። የሚሄደው ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ወዳሉበት ብቻ ነው። ልጆቹ ከቻሉ ክፍሉ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ እዚያ ደግሞ የራሳቸውን ሰው ይቀጥራሉ። እንግዲህ ሥራዋን በደንብ በሠራች ቁጥር የተቀመጠችበትን ወንበር በገዛ እጇ ስትገዘግዝ ከረመች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ ያወጣው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ ዳይሬክተሩ ወደ ክፍሏ ገብተው ነበር። ሽበታም፣ ሆደ ቡቡ፣ ለሰው ችግር መላ ሳይፈልጉ ማደር የማይችሉ ሰው ናቸው።

"ስሚኝ እህቴ፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጆቹን ትንሽ ብታዘገዪያቸው ማን ይጎዳል? ግማሾቹ ዘንድሮ ባይችሉ ክፍሉ ለከርሞም ይቀጥላል።"

"ጋሼ፣ አሁን እኮ ችለዋል። እንዴት አድርጌ ላስረሳቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አስቢበት።"

"አስቤበታለሁ እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው የማድረው። ወደ ወንድሜ ቤት፣ እዚያ ሶፋ ላይ ከምመለስ..." አለችና የቀረውን ዋጠችው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አንዲት ተማሪ የጫማዋን ክር ታስራለች። አፈ ጉባኤዋ የሚሏት ልጅ ናት። ሁለት ልጆች በሚነጋገሩበት ሁሉ ካልመራሁ ስለምትል ስሙ ወጥቶላታል። ክሯን አስራ ስትጨርስ እንደገና ፈታችው፤ እንደገና አሰረችው። ሁለቱ ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ አልተነሳችም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪው ደረሰ። ችኩል፣ ቀጭን፣ ከሌላ ትምህርት ቤት መጥቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄድ ወጣት ነው። ዳይሬክተሩ አጠገቡ ካለች የልጅ ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጣ። ተቆጣጣሪው መጽሐፍ ገልጦ የመጀመሪያዋን ልጅ ጠራ። ልጅቷ ገጹን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ዝም አለች። ሁለተኛው መጣ፤ ዝም። ሦስተኛዋ "ረሳሁት" ብላ ወደ ቦታዋ ሮጠች።

መምህርቷ በመጀመሪያ ደነገጠች። ፈርተው ነው ብላ ልታበረታታቸው አፏን ስትከፍት፣ አፈ ጉባኤዋ ከኋላ ተቀምጣ እያንዳንዱን ልጅ በዓይኗ ስትቀጣ አየቻት። ያኔ ነገሩ ገባት። መክረዋል! እነዚህ ጉዶች እሷን ላለማጣት ተማክረው ደንቆሮ ሆነዋል። አልጋዋ፣ ምድጃዋ፣ ወንበሯ በዓይኗ ሄዱ። ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ግን አልተናገረችም። ወደ መስኮቱ ሄዳ ቁልፏን ታገላብጥ ጀመር።

ከዚያ ኤሊ ተጠራች። ኤሊ ያሏት ጓደኞቿ ናቸው፣ ስለምትዘገይ። ፊደል አልያዝ ብሏት ስንት ጊዜ አልቅሳለች። በቅርቡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለማንም እርዳታ አነበበች፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የዘበኛውን የብስኩት ማሸጊያ ሳይቀር እየዞረች ጮክ ብላ ታነብ ነበር። አሁን መጽሐፉ ሲቀርብላት ከንፈሯ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ። በሁለት እጇ አፈነችው።

ተቆጣጣሪው ጠበቀ፣ ጠበቀና ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

"የመምህርቷ ጥፋት አይመስለኝም። አንዳንድ ጭንቅላት በቃ አይቀበልም። ለዚህችኛዋ ባይደከም ይሻላል።"

ኤሊ ሰማች። እጆቿ ከአፏ ላይ ወረዱ። ዞራ አፈ ጉባኤዋን አየቻት፤ አፈ ጉባኤዋ "ቻይው" በሚል ዓይን አየቻት። ኤሊም አንገቷን ደፍታ ቻለችው።

መምህርቷ አልቻለችውም።

"አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣" አለችና ጠመኔ አነሳች። ወደ ልጆቹ ዞራ ጣቷን ቀሰረች። "ማንም አፉን እንዳይከፍት፣ እሺ? ማንም!"

ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ በዳይሬክተሩ ቀኝ ጫማ ውስጥ እንቁራሪት ተኝታለች።

የልጆቹ ዓይን በፊደሎቹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደ፤ ከዚያም የክፍሉ ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ዳይሬክተሩ ቀኝ እግር ዞረ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። አንዱ በአፍንጫው ሳቅ አመለጠው። ሁለተኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አፈ ጉባኤዋም "ዝም በሉ!" እያለች ራሷ ሳቀች።

ተቆጣጣሪው ሰሌዳውን፣ ልጆቹን፣ ጫማውን አየ።

"ሁሉም ይችላሉ?"

"ሁሉም።"

"ክፍሉ ይዘጋል እኮ። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ። ስለዚህች ልጅ የተናገሩትን ግን ያንሱልኝ።"

ተቆጣጣሪው ወደ ኤሊ ዞሮ "አጥፍቻለሁ" አለ፤ ከልቡም ይመስል ነበር። ኤሊ ግን አልሰማችውም። ከዳይሬክተሩ እግር ሥር ተንበርክካ ጫማቸውን ስትመረምር ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ጫማቸውን አውልቀው ሰጧት። አዘቀዘቀችው።

"የለችም!" አለች ኤሊ። "ቲቸር፣ የት ሄደች?"

መምህርቷ ቁልፏን በግራ እጇ እንደጨበጠች ወደ ሰሌዳው ዞረች። ከዚያ ጻፈች። ኤሊ ተነስታ በጣቷ እየተከተለች፣ አንድም ፊደል ሳትስት፣ ጮክ ብላ አነበበች።

"እንቁራሪቷ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች።"

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። አፈ ጉባኤዋ ብቻ አልሳቀችም።