አሥራ ሰባት ቁጥር ካቻቢቴ

ካሱ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። አርባ አንድ። መሣሪያ በሚሰቀልበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሏል፤ የአሥራ ሰባት ቁጥሯ አጭር ካቻቢቴ ቦታ ላይ ግን ያለው ቀለሙ ብቻ ነው።

"አርባ ሁለት መሆን ነበረበት" አለች ማዕዶት ከኋላው።

"አውቃለሁ ልጄ።"

ማዕዶት የጥገናው ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ ልጁ የምትሆን መሐንዲስ። ካሱ የአየር ኃይል ጡረተኛ ቴክኒሻን ነው። አንድ የጡረተኞች ማኅበር፣ አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወፍ ሲፈለፈልበት የኖረን ተዋጊ ጀት መልሶ ለማብረር ሲነሳ፣ የዚያን ሞተር ጠባይ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ከካሱ ሌላ አልተገኘም። ዓመት ከሰባት ወር ለፉበት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሊበር ነው፤ "ለበረራ ብቁ ነው" ብሎ የሚፈርመውም ካሱ ነው። ከሰማንያ ሦስት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፈርሞ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ይህችን ፊርማ እያሰበ እንደ ሙሽራ ሲገላበጥ ነው ያደረው።

ሕጉ ግን አይለመንም። አንድ መሣሪያ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይነሳም። የጠፋችው ዕቃ ሞተሩ ውስጥ ገብታ፣ ወይም መሪው ሥር ተሸጉጣ ቢሆንስ? ካሱ በወጣትነቱ በእንዲህ ያለ ስህተት የሞተ አብራሪ ቀብር ላይ ቆሟል።

አብራሪው ካፒቴን ዳግም ሄልሜቱን በብብቱ እንደያዘ ቀረበ።

"ጋሽ ካሱ፣ ብዙ ይቆያል? ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ያውቁታል።"

"እስክትገኝ ነው ካፒቴን።"

ማዕዶት የቆጠራውን መዝገብ ገለጠች። "ይኸው፣ ትናንት ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ አርባ ሁለት ብለው ፈርመዋል። እንግዲያው የጠፋችው ዛሬ ጠዋት ነው። ዛሬ ደግሞ የሠራነው የአብራሪው መቀመጫ ሥር ብቻ ነው።"

ካሱ ፊርማውን አየ። ማታ አልቆጠረም። ወደ ሰፈሩ ወደ ሴቻ የሚወጣው ታክሲ እንዳያመልጠው ተጣድፎ፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ነበር የፈረመው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው።

"ማታ ነበረች አይደል?" አለች ማዕዶት።

"ነበረች" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን አሳፈረው፤ ግን ወጣ።

መቀመጫው በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ወደ ውጭ የሚያስፈነጥር ባሩድ አለበት። እሱን በጥንቃቄ አለያይተው ለማውጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ማዕዶት በደረቷ ተኝታ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ዳበሰች። ካሱ በባትሪ እያበራላት ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት ሆነ። በረራውን ለማየት ከገመዱ ማዶ የተሰበሰበው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። "ያረጀ ነገር በሽማግሌ እያሠሩ..." የሚል ድምፅ ካሱ ጆሮ ድረስ መጣ። አልተናደደም፤ እውነት መሰለው።

በዚህ መሃል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ዙሁራ ናት፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የምታለማ ነጋዴ። ካሱ አውሮፕላን ይጠግናል መባሉን ከሰማች ወዲህ፣ የመስኖ ፓምፗን ሌላ ሰው እንዳይነካባት ምላለች።

"ጋሽ ካሱ፣ ትናንት ዕቃዎን ረስተው ሄደዋል እኮ!"

"የምን ዕቃ?"

"አጭሯን ካቻቢቴ ነዋ! ፓምፑ ሥር ነች፣ የሙዝ ቅጠል ሸፍኗት። አሁን ውሃ ልከፍት ስል አገኘኋት።"

ካሱ ትናንት በምሳ ሰዓት በቱታው እንዳለ ወደ ኩልፎ መሮጡ ትዝ አለው። ካቻቢቴዋ በጭኑ ኪስ ውስጥ ነበረች።

"ዙሁራ፣ ቁጥር አለባት? ደህና አድርገሽ እይልኝ።"

"ቆይ፣ ጭቃውን ልጥረገው... አሥራ ሰባት ይላል።"

ካሱ የአውሮፕላኑ ጎማ ላይ ተቀመጠ። "አልሐምዱሊላህ!" አለ፣ የአንገቱን ማተብ ጨብጦ።

"ወላሂ፣ ዛሬ ሰለሙ እንዴ ጋሽ ካሱ?" ዙሁራ በሳቅ ፈነዳች።

"በባጃጅ ብረሪ ዙሁራ! የሰው ነፍስ ነው የያዝሽው።"

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ ከች አለች። ካፒቴን ዳግም ካቻቢቴዋን ተቀብሎ ሳማት። ማዕዶት እጇ እስከ ክንዷ በግራሶ እንደጠቆረ ዙሁራን አቀፈቻትና ነጭ ሻሿን አበላሸችባት። ሁሉም ሳቀ። ካሱም ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተነሣለት። የሚሞት ሰው የለም። ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።

መቀመጫውን መልሰው አሥረው፣ ሁሉንም እንደገና ፈትሸው ሲጨርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ማዕዶት መዝገቡን ይዛ ካሱን ለብቻው ወሰደችው። ማታ አርባ ሁለት የተባለው ቆጠራ እንዴት እንደተቆጠረ ገብቷታል፤ ካቻቢቴዋ ያኔ ኩልፎ ነበረች። ቆጠራ ያዛባ ሰው ደግሞ የዕለቱን በረራ አይፈርምም።

"ጋሽ ካሱ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠዋት አጥሩ ሥር ወድቃ ተገኘች ብለን እንጻፈው። የተጎዳ የለም። ይፈርሙና ይነሳ።"

ካሱ ወደ ጀቱ ተመለከተ። ዳግም ደረጃውን ወጥቶ ቀበቶውን እያሰረ ነው። በዚያ ልጅ ነፍስ ላይ ሁለተኛ ውሸት ሊጽፍ እጁ አልታዘዝለት አለ። ብዕሩን ተቀብሎ፣ በቆጠራው መስመር ሥር ቀስ ብሎ ጻፈ፦ "መሣሪያዋን ከሥራ ቦታ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማታ ሳልቆጥር ፈርሜያለሁ። ካሱ።" ከዚያ ገጹን ገልጦ የበረራውን ፈቃድ ወደ እሷ ገፋው።

"አንቺ ፈርሚ።"

"ጋሽ ካሱ! ይቺን ቀን እኮ ዓመት ከሰባት ወር ጠበቋት!"

"የጠበቅሁት እንዲበር ነው" አለና ብዕሩን እጇ ላይ አኖረላት። "በይ፣ ነፋሱ ሳይመጣ።"