ፈረንሳይኛ አንድ ከአማት ጋር

ፀጉር ሠሪዋ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው ስትል አናጺው ባሏ መዶሻውን አስቀምጦ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀችውና ለቅዳሜና እሁዱ ትምህርት ተመዝግባ መጨረሷን ነገረችው። ለጀማሪ የተሰጡት ሁለት ኮርሶች ናቸው፤ የሶሲዮሎጂ መግቢያና ፈረንሳይኛ አንድ።

«ፀጉር ለመተኮስ ፈረንሳይኛ ምን ያደርጋል?» አላት።

«ለፀጉሩ ምንም። ለራሴ ነው።»

አናጺው ነገሩ አልጣመውም። ልከልክላት ቢል ሚስቱን ያውቃታል፤ እምቢ ካለች እምቢ ናት። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ፤ እናቱን ጠባቂ አድርጎ አብሯት ላከ።

አማቷ ደግሞ ሰፈሩ «ራዳር» ብሎ የሰየማቸው ሴት ናቸው፤ የጎረቤት ድስት ሲከደን እንኳ አያመልጣቸውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የኋላው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ጉብ አሉ። ቀጭኑ መምህር አያቸውና፣

«እናቴ፣ ተመዝግበዋል?» አላቸው።

«የለም ልጄ፣ ምራቴን እየጠበቅኩ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር ሠሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ወጥታ አልሄደችም። እስክሪብቶዋን አነሳችና፣ ፊቷ እንደ ፍም እየነደደ፣ መምህሩ ያለውን ሁሉ ጻፈች።

በሶሲዮሎጂው መምህሩ፣ በቤት ውስጥ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሚሆን የወሰነው ተፈጥሮ ሳይሆን ሰው ነው ብሎ አስተማረ። ከኋላ ድምፅ መጣ። «ሰው ከሠራው ሰው ያፈርሰዋል በለኛ!» አማቷ ናቸው። ለመቆጣት ነበር የተናገሩት፤ መምህሩ ግን «እሱን ነው የምንማረው» አላቸው። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ወደ ፊት ቀረብ አሉ።

በፈረንሳይኛው ክፍል ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ። ምላሳቸው አልታዘዝ ብሎ ሰላምታውን «ቦንዡር»ን «ቦንዡሪ» ቢያደርገውም፣ አውቶቡስ ውስጥ ከምራታቸው ጋር እየተሳሳቁ ሲደጋግሙት ይመጣሉ። ልጃቸው «ምን አየሽ?» ሲላቸው፣ «ሰሌዳ» ይሉታል።

የፈረንሳይኛው የቃል ፈተና ቀን ጠዋት አናጺው በሩን በክንዱ ዘግቶ ቆመ።

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት የለም። እማዬም ደክሟታል።»

«ተሸክመህ ታስቀረኝ እንደሆነ እንጂ በእግሬ አልቀርም» አለች ሚስቱ፣ ጫማዋን እያሰረች።

አማቷ ጣልቃ ገቡ። «አንቺ፣ ባልሽን እንዲህ አትመልሺለት። አንተም በሩን ልቀቅ። ፈተና አለብን።»

«አለብን? አንቺን ደግሞ ማን መዘገበሽ?»

«አንተ አይደለህ የላክኸኝ!»

እሱ ይህን ሲያላምጥ ፀጉር ሠሪዋ በክንዱ ሥር ሾልካ ወጣች። አማቷም ተከተሏት።

ፈተናው ላይ ሥራዋ ምን እንደሆነ ተጠይቃ በፈረንሳይኛ መለሰች፤ ሰዋስው ተሳሳተች፣ አርማም ቀጠለች።

ሲመለሱ ቤቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ትምህርቱን እተዋለሁ በይና ግቢ» አላት ባሏ ከበሩ ወዲያ።

«አልተውም።»

መጮህም ማልቀስም አልፈለገችም። ፀጉር ቤቷን ከፍታ ገባች፤ ሁለቱም እዚያው ሰነበቱ። አማቷ ጀርባዬን ወጋኝ እያሉ አማረሩ፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረጉ ምራታቸውንም ልጃቸውንም ረገሙ። ወደ ቤት ልመለስ ግን አላሉም።

አናጺው ለብቻው ጥቂት ቀን ቆየና ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ መጣ። ደንበኞቿ ፊት ሊቆጣ አልደፈረም።

«እንግዲህ... ኑ ወደ ቤት» አለ፣ ወደ መስተዋቱ እያየ።

«እመጣለሁ። ግን ቅዳሜ ስወጣ በሩ ላይ አትቆምም። ቁልፍም ለራሴ ይኖረኛል።»

እናቱን አየ፤ ከሳቸው እርዳታ አላገኘም። ኪሱን ዳበሰና ቁልፉን ማበጠሪያዎቹ አጠገብ አኖረው። ይቅርታ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ሶሲዮሎጂውን በጥሩ ውጤት፣ ፈረንሳይኛውን ለጥቂት አለፈች። ለሁለተኛው ሴሚስተር ስትመዘገብ ማንንም አላስፈቀደችም። አናጺው እስካሁን ያጉረመርማል። ያጉረምርም! እሷ ቅዳሜ ጠዋት አማቷን አስከትላ ትወጣለች።