ጥጡን የጣለበት ቀን

ከባሌ ጋር መብራት አጥፍቶ ማውራት አይቻልም። ባልና ሚስት ጋደም ብለው የቀኑን ወሬ በጨለማ ያወሩ የለም? እኛ ቤት ይህ ከቀረ ቆየ። ከንፈሬን ካላየ አይሰማኝም። ስለዚህ ወይ መብራት አብርቼ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጮኻለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ እተኛለሁ። ጎረቤቶቻችን ነጋ ጠባ የምንጣላ ይመስላቸዋል። አንዷማ ልታስታርቀን መጥታ ነበር።

ዕድሜውን የጨረሰው ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ማሽኖቹ አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ ከጩኸቱ የተነሳ ሰው የሚግባባው በእጅና በከንፈር ነው። "ክር ተበጠሰ" ለማለት ሁለት ጣት ያላቅቃሉ፤ "አለቃ መጣ" ለማለት አንገታቸውን ይነካሉ። ይህንኑ ዘዴ ቤትም ይዞት ገባና አለመስማቱን የሚያውቅበት ጠፋ። ከጀርባው ጠርቼው ዝም ሲለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ እየመሰለኝ ስንቴ አኩርፌዋለሁ!

ባለፈው ዓመት ሐኪም መረመረውና "ጆሮዎን የጨረሰው የማሽኑ ጩኸት ነው" አለው። የጆሮ መሣሪያ ቢያደርግ እንደሚሰማም ነገረን። መሣሪያው ግን ከአቅማችን በላይ ነው። በሥራው ለተጎዳ ሰው የሚከፍል መሥሪያ ቤት እንዳለ ሰማን፤ ሕጉ የጊዜ ገደብ አለው፣ ሠራተኛው ጉዳቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። እኛ ገና አንዱን ዓመት እንኳ አልደፈንንም ነበር። ተደላድዬ ነው የሄድኩት።

አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ አስጠናሁት።

"መቼ አወቅህ ካሉህ፣ ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ሲነግረኝ በል። እውነቱም እሱው ነው። ሌላ ወሬ እንዳታመጣብኝ!"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?"

የተቀበለን ሠራተኛ ሸሚዙ ጥንቅቅ ብሎ የተተኮሰ፣ ትሁት ሰው ነበር። ቀና ብሎ "ጉዳቱን መቼ ነው ያወቁት አባቴ?" አለው። ባሌ እንዳስጠናሁት ቁጭ አደረገው። እፎይ አልኩ። ያ ሰውዬ ግን ለጨዋታ ይሁን ለተንኮል እንጃ፣ "ለመሆኑ ያንን ሁሉ ጩኸት እንዴት ቻሉት?" ብሎ ጨመረ።

"ጥጤን ጥዬ ነዋ!" አለ ባሌ፣ አፉን ሞልቶ።

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። የት ሊያቆም! አዲስ ሸማኔ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ እንደሚገባ፣ ጩኸቱ ራሱን ማመሙን የተወ ዕለት ጥጡን አውጥቶ መሬት ላይ እንደሚጥል፣ አዳራሹም በሙሉ እንደሚያጨበጭብለት ተረከለት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው "ጥጥ የጣለ" ይባላል፤ አዲስ ገቢ የሚያሠለጥነውም፣ ደህናውን ማሽን የሚይዘውም እሱ ነው።

"እኔ በሦስተኛ ዓመቴ ጣልኩ። ከእኔ ቀድሞ የጣለ የለም!"

"ታዲያ ያኔ ጆሮዎ እንደቀነሰ ታውቆዎት ነበር?"

"እንዴታ! ጆሮው ሳይቀንስ ጥጡን የሚጥል አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ሠራተኛው ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ መጻፍ ጀመረ። እዚያው እንዳቀረቀረ፣ "ጉዳቱን ካወቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል ማለት ነው። ጊዜው አልፎበታል፣ መክፈል አንችልም" አለ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። "ኧረ ባክህ ልጄ! በጉዳት ይጨበጨባል? ጉዳት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ይኮራበት ነበር?"

"ይገባኛል እናቴ። ሕጉ የሚለው ካወቀበት ቀን ነው፤ ኮራ አልኮራ አይልም። ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ግን የጻፍኩት የራሳቸውን ቃል ነው።" ይህን ሁሉ ሲል አንዴም ቀና አላለም። ባሌ አጠገቤ ሆኖ በፈገግታ ራሱን ይነቀንቅለታል።

ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ደረጃውን ስንወርድ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። ወሬኛ አልኩት። ጉረኛ አልኩት። በገዛ ምላስህ ቤትህን አፈረስክ አልኩት። አንዲት ቃል አልሰማም። ከዚህ ሰውዬ ጋር ተሳድቦ እንኳ አይወጣልህም!

ውጭ በሩ ላይ ስንደርስ ዞር አለ። ፊቱ በርቷል።

"ደግ ሰው ነው" አለኝ። "ስለ ሥራዬ ጠይቆ እንዲህ ያዳመጠኝ ሰው የለም። መሣሪያውን መቼ ውሰዱ አለ?"

ለካ ውሳኔውን አልሰማም። ሰው እየገፋን ያልፋል፣ መኪናው ይጮኻል። አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ከንፈሬ አዞርኩትና ቃል በቃል ነገርኩት።

"አይሰጡህም። ጊዜው አልፏል አሉ። ጥጡን ከጣልክበት ቀን ጀምረው ቆጠሩብህ።"

ከንፈሬን ትክ ብሎ አየ። ደግሜ ነገርኩት። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ።

"እኔ እኮ" አለ፣ "ጎበዝ ሠራተኛ እንደነበርኩ ነው የነገርኩት።"

የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ መጥኖ መናገር አይችልም። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን።